ከፍሬኑ በፊት ጣቱ

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከእንጦጦ ግርጌ ወይም ከደብረ ብርሃን መንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም ኪዳን አድርሰው የሚመለሱት አባት እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ሸሽገው፥ ወደ ገበያ የምትወርደው ሴት መዳፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ፥ ተማሪው ሁለቱን እጆቹን በኪሱ ከትቶ፥ ዘበኛውም ጣቶቹን በካፖርቱ እጅጌ ውስጥ ሰብስቦ ሲሄዱ፥ ከእነዚህ ሁሉ መካከል እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ለነፋስ አሳልፎ የሰጠ አንድ ሰው ብቻ መኖሩ ነው፤ እርሱም ብስክሌት ነጂው ነው። ሌላው መንገደኛ ብርድ ሲበረታበት እጁን ወደ ደረቱ ይመልሳል፤ ብስክሌተኛው ግን መሪውን ሊለቅ አይቻለውምና፥ ቁሩ በጸና መጠን ያንኑ የቀዘቀዘ ብረት አጥብቆ ይጨብጣል።

ጓንትን ከልብስ ወገን መቁጠር ስሕተት ነው እላለሁ፤ ለብስክሌት ነጂ ጓንት የፍሬኑ አካል ነው። ሰው ብስክሌት ሲገዛ ጎማውን ይጫናል፥ ካቴናውን ያያል፥ የፍሬኑን ሽቦ ጎትቶ ይፈትናል፤ ያ ሽቦ የሚጎተተው በጣት መሆኑንና ጣቱ በብርድ ከደነዘዘ የቀረው ሁሉ በከንቱ መሠራቱን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ልጁን በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት የሚሰድ አባት፥ ወጣቶችን ገና ጎሕ ሳይቀድ ለልምምድ የሚያስወጣ አሠልጣኝ፥ ዕቃውን በብስክሌት የሚያስልክ ነጋዴ፥ ፍሬኑ የተበጠሰ ብስክሌት ሰጥተው ቢያሰማሩ ኅሊናቸው ዕረፍት አይሰጣቸውም ነበር፤ በውርጭ ማለዳ እጁን ራቁቱን ሲያሰማሩት ግን ምንም ያጠፉ አይመስላቸውም።

የእጅ አፈጣጠር ረቂቅ ነው። ጣቶቻችንን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ታላላቅ ጡንቻዎች በጣቶቹ ውስጥ አይደሉም፤ በክንድ ላይ ተቀምጠው፥ ደወል ደዋይ ከታች ሆኖ በገመዱ ደወሉን እንደሚያንቀሳቅስ፥ በረጃጅም ጅማቶች ከሩቅ ይስቧቸዋል። ስለዚህ ጣት አጥንትና ጅማት ቆዳም እንጂ ሙቀት የሚያመነጭ ሥጋ እምብዛም የለውም፤ ቀጭን በመሆኑም ያገኘውን ሙቀት በዙሪያው ሁሉ ይበትናል። የሚሞቀው ከልብ በሚላክለት ደም ነው። ሰውነት በብርድ ሲከበብ ደግሞ፥ በራብ ዘመን የገዳሙን እህል የሚጠብቅ አስተዋይ መጋቢ የውጭውን ጎተራ ዘግቶ የውስጡን እንደሚቆጥብ፥ አእምሮ ልብንና ሳንባን ሌላውንም የውስጥ አካል ለማዳን ሲል ወደ እጅና ወደ እግር ጫፍ የሚወርዱትን የደም ሥሮች ያጠባል፤ ጣትም ሳይበድል ቀለቡ ይቋረጥበታል። ከዚህ የተነሣ እጁ የሚቀዘቅዝበት ሰው ከጓንቱ አስቀድሞ ደረቱን፥ አንገቱንና ራሱን መመርመር ይገባዋል። ውድ ጓንት አጥልቆ ሸሚዙን ለነፋስ ከፍቶ የሚጋልብ ወጣት፥ ምንጩ የደረቀበትን ቦይ ሲጠርግ የሚውል ገበሬን ይመስላል።

ሁለተኛው ጠላት ነፋስ ነው፤ ይህንንም ነፋስ ነጂው ራሱ ይፈጥረዋል። ቅጠል በማይንቀሳቀስበት ማለዳ እንኳ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ ያንኑ ያህል ፍጥነት ያለው ነፋስ ፊት ለፊት ይቀበለዋል። ፖል ሲፕልና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ አሜሪካውያን በደቡብ ዋልታ ምድር ውሃ በነፋስ መካከል በምን ያህል ፍጥነት ወደ በረዶነት እንደሚለወጥ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1945 ካሳተሙት ወዲህ፥ ነፋስ ብርድን ምን ያህል እንደሚያጸናው በቁጥር ማስላት ተችሏል፤ ዛሬ በሚሠራበት ስሌት አየሩ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ገላው የሚሰማው ብርድ ለዜሮ ዲግሪ የቀረበ ነው። የጣት ቆዳ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ቅልጥፍናው ይጎድላል፤ ከዚያም ዝቅ ሲል የመዳሰስ ስሜቱ ይጠፋል። ከሁሉ የሚከፋው ቁልቁለቱ ነው። ነጂው ዳገት ሲወጣ እግሩ እየሠራ ደሙን ያሞቀዋል፥ ላቡም ልብሱን ያርሰዋል፤ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ግን እግሩ ሥራ ይፈታል፥ ነፋሱ ይበረታል፥ የራሰው ልብስ በገላው ላይ ይቀዘቅዛል፤ ፍሬንም ከመቼውም ይልቅ የሚያስፈልገው በዚያች ሰዓት ነው።

በጣና ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ በተቀመጠችው፥ ብስክሌትም በለመደባት በባሕር ዳር የሚኖር አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ቢመስለው አልፈርድበትም፤ ደጋው ግን ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን መጸው ብላ በምትጠራው ወራት፥ ማለት ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን፥ የክረምቱ ደመና ተገፎ ሰማዩ ይጠራል፤ ምድርም በመዓልት ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት የሚይዝላት መጎናጸፊያ አጥታ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ስለዚህ ነው ውርጭ በዝናቡ ወራት ሳይሆን አበባው በፈካበት ወራት የሚወርደው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃንም ጎሕ ሲቀድ ሣሩ ነጭ ሆኖ፥ በየጉድጓዱ የቀረው ውሃ እንደ መስተዋት ረግቶ የሚገኝበት ቀን አለ። ግእዝ ቁር ብሎ ብርድን፥ አስሐትያ ብሎ ውርጭን ለየብቻ መጥራቱ፥ ይህን ቋንቋ የተናገሩት የደጋ ሰዎች ሁለቱን በገላቸው ለይተው ስላወቁ ይመስለኛል።

እኔም ያወቅሁት በገላዬ ነው። በወጣትነቴ በደብረ ብርሃን ስኖር ወደ ሥራዬ የምሄደው በብስክሌት ነበር። በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ፥ ጓንት ሳላጠልቅ፥ ከስስ ሹራብ በቀር በደረቴ ላይ ምንም ሳልደርብ፥ አንዲት አጭር ቁልቁለት ስወርድ፥ ኩበት የጫኑ ሦስት አህዮች ከጎን መንገድ ወጥተው ፊቴን ዘጉት። ፍሬኑን የያዝሁት መሰለኝ፤ አልያዝሁትም። ዓይኔ አህዮቹን አይቷል፥ ልቡናዬም ቁም ብሎ አዝዟል፥ ጣቶቼ ግን ትእዛዙን አልሰሙም፤ በእንጨት ጣት ብረት እንደ መንካት ያለ ነገር ብቻ ተሰማኝ። መሪውን ወደ ቦዩ መለስሁትና ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ፥ የፊተኛው ጎማ ቸርኬ ተጣመመ፥ አህዮቹም እኔም በፈጣሪ ቸርነት ተረፍን።

የአህዮቹ ባለቤት ጥቁር በርኖስ የደረቡ የመንዝ ሽማግሌ ነበሩ። ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ ስለ አህዮቻቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፥ «እጅህን አሳየኝ፥ ልጄ» አሉኝ። ጣቶቼ ደም የሌለበት ሥጋ መስለው ነጥተው ነበር። ጥቂት ራቅ ብሎ የጥበቃ ሰዎች እሳት አንድደው ስላየሁ፥ «አባቴ፥ ወደዚያ ሄጄ ልሙቅ» ብላቸው፥ «ተው! የደነዘዘ እጅ እሳቱን አያውቀውም፤ ሳትሰማው ይበላሃል» ብለው ከለከሉኝና፥ ሁለቱን መዳፎቼን ከበርኖሳቸው ሥር አግብተው በብብታቸው መካከል ያዙልኝ። የማያውቁትን ሰው የቀዘቀዘ እጅ በገላቸው ላይ ሲቀበሉ ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም። ደሙ ሲመለስ ያለውን ሥቃይ የቀመሰው ያውቀዋል፤ አለቀስሁ ብል ሐሰት አይሆንብኝም። ሐኪሞችም ኋላ እንደ ነገሩኝ የሽማግሌው ምክር ትክክል ነው፤ የደነዘዘ እጅ በገላ ሙቀት ወይም ለብ ባለ ውሃ ቀስ ተብሎ ይሞቃል እንጂ ወደ ፍም አይቀርብም፥ አይታሽምም።

በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት ከመንዝ በግ ጠጉር ጓንት ሠራችልኝ፤ አራቱ ጣቶች በአንድ ክፍል፥ አውራ ጣት ብቻውን የሚገባበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ጓንት ሞክሬአለሁ፤ እንዲህ ያለውን የሚያህል ግን አላገኘሁም፤ ጣቶቹ በአንድ ማደሪያ ሆነው አንዱ የአንዱን ሙቀት ስለሚካፈል ነው። ጉድለቱ ፍሬን ለመያዝና ማርሽ ለመለወጥ አለመመቸቱ ነው፤ ስለዚህ መንገድ ከመውጣት በፊት በቤት ደጃፍ ፍሬኑን ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል። የሱፍ ደግነቱ ቢርስም እንኳ ሙቀቱን ፈጽሞ አለመልቀቁ ነው፤ የጥጥ ጓንት ግን በላብ ከራሰ ከባዶ እጅ የሚሻልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሱፍ በበኩሉ ነፋስ ስለሚያሳልፍ በላዩ ነፋስ የማያስገባ ሽፋን ይፈልጋል፤ ገንዘብ ያለው ለዚሁ የተሠራውን ይገዛል፥ የሌለው ከሰልባጅ ተራ ሰፊ የቆዳ ወይም የሸራ ጓንት ፈልጎ ከሱፉ በላይ ያጠልቃል። ሰፊ ያልሁት በምክንያት ነው፤ የጠበበ ጓንት ደሙን አፍኖ ራሱ ብርድ ይጠራልና። በእጅ አንጓ ላይ የደም ሥሩ ከቆዳ በታች ቅርብ ሆኖ ስለሚያልፍ፥ የጓንቱ አፍ ከእጅጌው ሥር ገብቶ አንጓውን መሸፈን አለበት፤ በጓንቱና በእጅጌው መካከል የቀረች ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት የሱፉን ሥራ ሁሉ ታፈርሳለች። የብረቱን ፍሬን በጨርቅ ወይም በፕላስተር መጠቅለልም ይረዳል። በአውሮፓ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ከተራራ ጫፍ ቁልቁል ከመውረዳቸው በፊት ጋዜጣ በደረታቸው ላይ ይከቱ ነበር፤ ወረቀት ነፋስን ያግዳልና፤ አንባቢም ጋዜጣውን ካነበበው በኋላ ለዚሁ ቢያውለው ጸሐፊው ደስ ይለዋል።

በደጋው ስለ ተለመደው የማለዳ አረቄ ግን በግልጽ ልናገር። አረቄ ለጊዜው የቆዳን ደም ሥሮች ይከፍታልና ጠጪው የሞቀው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን የውስጡ ሙቀት በተከፈተው በር ወደ ውጭ መፍሰሱ ነው፤ በዚያ ላይ ልቡናውም ይዘገያል። ሲጋራም በተቃራኒው ደም ሥሩን ያጠባል። ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ብቻ የሚደነዝዙበት ሰው ደግሞ ነገሩ የብርድ ላይሆን ይችላል፤ መሪውን አለቅጥ ተደግፎ በመዳፉ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ ስለ ተጫነው ይሆናልና አያያዙን ይለውጥ። በጥቂት ብርድ ሁሉ ጣቱ የሚነጣበት ሰው፥ ፈረንሳዊው ሐኪም ሞሪስ ሬይኖ እ.ኤ.አ. በ1862 የገለጸው ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪም ያማክር።

«ብስክሌት የጀግና ነው፥ ብርድ የሚፈራ እቤቱ ይቀመጥ» የሚል ድምፅ በወጣቶቻችን መካከል ሁልጊዜ እሰማለሁ፤ ይህ ድምፅ ያሳዝነኛል፥ ያስፈራኛልም። ከፈረንሳዊው ከበርናር ኢኖ የሚበልጥ ጀግና በዚህ ስፖርት ብዙ አልተገኘም፤ እርሱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 1980 በቤልጅየም ከልዬዥ ወደ ባስቶኝ ደርሶ መልስ በሚደረገው ውድድር በረዶ እየወረደበት ብቻውን ሄዶ ሲያሸንፍ፥ ከተነሡት 174 ተወዳዳሪዎች የደረሱት 21 ብቻ ነበሩ። የኢኖ የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ግን ለሳምንታት እንደ ቀድሞው አልታዘዙትም፤ ጉዳቱም ከዓመታት በኋላ በብርድ ጊዜ ይሰማው ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ፥ በኢጣልያ ዙር ውድድር፥ እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1988 የጋቪያን ተራራ በበረዶ መካከል ሲሻገሩ፥ ሆላንዳዊው ዮሐን ቫን ደር ቬልደ እጅጌ ጉርድ ለብሶ ከሁሉ ቀድሞ ጫፍ ደረሰ፤ በቁልቁለቱ ግን ብርዱ አሸንፎት መጠለያ ገብቶ ከአርባ ደቂቃ በላይ ዘገየ። አሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን ግን የቡድኑ አለቆች አስቀድመው ከበረዶ ሸርተቴ ዕቃ መደብር ገዝተው ያዘጋጁለትን ወፍራም ጓንት አጥልቆ ወረደ፤ በዚያ ቀን የመሪነቱን ሮዝ ማልያ ለበሰ፥ ውድድሩንም እስከ መጨረሻው አሸነፈ። ጋቪያ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ነው፤ የእኛ ልጆች በእንጦጦና በደብረ ብርሃን መንገድ በየማለዳው የሚለማመዱት ከዚያ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው።

ብስክሌት በአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተገኘችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ብስክሌት ነጂዎቻችን ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም.ም የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በቅርብ ዓመታትም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተሠርቷል፤ በርሱ ላይ በማለዳ የሚሄደው ግን አብዛኛው ባዶ እጁን ነው። ብስክሌት የሚሸጥ ሰው ጓንቱን ከመሪው ላይ አንጠልጥሎ አብሮ ይሽጥ፤ ሠራተኛ በብስክሌት የሚያሰማራ ሁሉ እንደ ጎማ ጓንትንም በራሱ ወጪ ይግዛ፤ አሠልጣኝም ጓንት የሌለውን ልጅ ቁልቁለት አያስወርድ።

ከመንዙ ሽማግሌ ጋር ስለያይ፥ በዚህ ብርድ ዕድሜአቸውን ሁሉ እንዴት እንደ ኖሩ ጠየቅኋቸው። አልመለሱልኝም። አህዮቻቸውን ወደ ገበያው መንገድ መለሱ፥ አለንጋቸውን በክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉ፥ ሁለቱንም እጃቸውን ከበርኖሳቸው ሥር አግብተው ሄዱ።