ሱፍ በአዳማ ቀትር

ለምረቃ በዓል ሱፍና ከረባት ያልለበሰ ተማሪ ክብር ጐደለው የሚሉ አሉ። እኛ አንቀበለውም። ምስክራችንም የገዛ ቆዳችን ነው።

የሰው ልጅ የገላው ጠጕር ለምን ሳሳ? መላምቱ ብዙ ነው፤ ሊቃውንት አብዝተው የሚደግፉት ግን የሙቀቱን ነው። የጥንት አባቶቻችን እንደ ስምጥ ሸለቆ ባለ ገላጣ ሜዳ በፀሐይ ሲጓዙ ገላቸውን ያበረደላቸው ላብ ነበር፤ ላብም የሚያበርደው ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ የላብ ዕጢ የተሸከምነው ለዚሁ ነው። ልብስ የመጣው ከብዙ መቶ ሺህ ዓመታት በኋላ ነው፤ በልብስ ውስጥ የምትኖረው ቅማል ከራስ ቅማል የተለየችው በአንድ የታወቀ ስሌት ከ170,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ልብስን አንነቅፍም፤ ብርድን፣ እሾህንና እፍረትን ይከላከላል። ነገር ግን ተፈጥሮ ያወለቀችልንን ጠጕር ከበግ ተውሶ በአዳማ ቀትር መደረብ ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው? አባት በጉን ሸጦ ለልጁ የበግ ጠጕር ይገዛል! ጥጥ በአዋሽ ሸለቆ ይበቅላል፤ ሸማኔም አልጠፋም።

ስለዚህ ወንድሞች፣ እኅቶች፣ መምህራንም፦ በመጪው ምረቃ ንጹሕ የጥጥ ልብስ በቂ ክብር ይሁን እንላለን። ስለ ሱፍ ማንም ተማሪ አይበደር፤ ማንም ወላጅ በግ አይሽጥ።