ሞላ ቆርጦ መኪናን ዝቅ ማድረግ ያዋጣልን?

አነስተኛ የቤት መኪናን በጥቂት ወጪ ዝቅ ለማድረግ ሞላ መቁረጥ ቀላሉ ዘዴ መስሎ ይታያል። በእርግጥ የስበት ማዕከሉ ዝቅ ያለ መኪና የመገልበጥ አደጋው ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የሞላ ጥንካሬ ከጥቅሎቹ ብዛት ጋር በተገላቢጦሽ ይዛመዳል። ከ8 ጥቅሎች 2ቱ ሲቆረጡ ቀሪው በ33 በመቶ ገደማ ይጠነክራል፤ የሚታመቅበት ርቀት ግን ያጥራል። ለቀድሞው ሞላ የተሠራው ሾክ አብዞርበርም ንዝረቱን በወጉ ማብረድ ስለሚሳነው ጎማው በጎርባጣ መንገድ ላይ ይዘላል። ከመሬት የተነጠለ ጎማ ደግሞ ለፍሬንም ለመሪም አይታዘዝም። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያውቅ ሁሉ የዚህን ትርጉም ይረዳል።

በመሆኑም መኪናውን ዝቅ ማድረግ የሚሻ ወጣት እርስ በርስ የሚጣጣሙ ሞላና ሾክ አብዞርበር በአንድነት ይግዛ፤ ገንዘቡ ካልበቃው ግን መኪናው እንደ ተሠራ ቢቆይ ለራሱም ለተሳፋሪዎቹም ይበጃል እንላለን።