ቃሊቲ ግቢ ውስጥ የተራመዱት ታካሚዬ ስለ ትራያትሎን ያስተማሩኝ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ሩጫ ጀምሬያለሁ፣ ጂምም እገባለሁ። አሁን ትራያትሎን መሞከር አምሮኛል፣ ከየት ልጀምር?» የሚል ነው። ዛሬ እመልሳለሁ። መልሱን የማመጣው ግን ከሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ እኔው ራሴ ገንዳ ውስጥ ከሠራሁት ስህተት፣ ሌላው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ዓመታት ካሳለፉ ታካሚዬ። የታካሚዬን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

መጀመሪያ ነገርዬውን ለማያውቁት ላስተዋውቅ። ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫን በዚሁ ቅደም ተከተል ሳያቋርጡ መጨረስ ነው። አሁን በምናውቀው መልኩ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ሳንዲያጎ ላይ ተጀመረ፤ በ2000 ደግሞ በሲድኒ ኦሎምፒክ ውስጥ ገባ። ለጀማሪ የሚመከረው «ስፕሪንት» የሚባለው አጭሩ ነው፦ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ብስክሌቱ በግምት ከመስቀል አደባባይ ቃሊቲ ደርሶ መልስ ነው በሉት። ዋናው ደግሞ በ25 ሜትር ገንዳ 30 ጊዜ ማቋረጥ ማለት ነው።

ሩጫው እኛን አያስፈራንም። የሯጭ አገር ልጆች ነን። ብስክሌቱንም ቢሆን ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ችግሩ ያለው ውሃው ላይ ነው። እኔም የወደቅኩት እዚያው ላይ ነው።

ራሴን እንደ ስፖርተኛ የምቆጥር ሰው ነኝ። በታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትሩን ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። ልጅ ሆኜ ውሃ ውስጥ ስለተንቦራጨቅኩ ዋና የምችል ይመስለኝ ነበር። አንድ እሁድ ጠዋት አንድ ገንዳ ሄድኩና፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ሰውነቴንም ሳላሟሙቅ በቀጥታ ጥልቅ በሆነው በኩል ገባሁ። ሐሳቤ «ዛሬ 10 ዙር ልሞክር» ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሼ ተመልሼ ትንሽ እንደዋኘሁ ትንፋሼ አለቀ። ጭንቅላቴን ሳነሳ እግሬ ሰመጠ፤ እግሬን ሳወርድ ወለል የለም። ውሃ ዋጥኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቅ ነበር። የገንዳው ጠባቂ ረጅም ዘንግ ባይዘረጋልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ዳር ላይ ተቀምጬ እጄ ሲንቀጠቀጥ ያፈርኩት በመፍራቴ አይደለም። በየቀኑ ታካሚ አስቀምጬ «ቀስ በቀስ፣ በመደበኛነት» እያልኩ የምመክረው እኔው፣ ለራሴ ሲሆን ምክሬን ዘልዬ ጥልቁ ውስጥ መግባቴ ነው ያሳፈረኝ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እኚህ ታካሚ መጡ። ዕድሜያቸው አምሳን አልፏል። ራስ ምታት ብለው ነው የመጡት፤ ግፊታቸው ስለካው ላይኛው ከ160 በላይ ነበር።

«ጋሼ፣ እንቅስቃሴ ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«አሁን የት ጊዜ አለኝ ብለህ ነው። ቃሊቲ እያለሁ ነበር እንጂ።»

መጀመሪያ ሰፈሩን ያሉ መሰለኝ። «ማረሚያ ቤቱን ነው የምልህ» አሉኝ እየሳቁ። «ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ከአጥር እስከ አጥር እመላለስ ነበር። ዙሩን እቆጥራለሁ፣ ሲሞላ አቆማለሁ። ከወጣሁ ግን ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድም ቀን ብዬ ወጥቼ አልተራመድኩም።»

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ዶክተር፣ እዚያ ሰዓቱ ይታወቃል። በሩ ሲከፈት ትወጣለህ፣ ካልወጣህ አለፈህ። ውጭ ግን በሩ ሁሌ ክፍት ነው። ሁሌ ክፍት ስለሆነ ነገ እላለሁ» አሉኝ።

እንዳታጣሙብኝ፦ እስር ለጤና ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ከቤተሰብ መለየት፣ መጨነቅ፣ እንቅልፍ ማጣት ለልብም ለአእምሮም ከባድ ነው። ወደ ቃሊቲ ስንቅ ይዞ የተመላለሰ ቤተሰብ ያውቀዋል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ጠባብ ግቢ፣ አሮጌ ጫማና ቋሚ ሰዓት ብቻ ይዘው ሰውነታቸውን ጠበቁ። እኔ ገንዳ፣ አዲስ መነጽር፣ ስማርት ሰዓትና ትልቅ ዕቅድ ይዤ ልሰጥም ነበር።

ኔልሰን ማንዴላም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 እዚሁ አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው ነበር፤ ከአገራችን እንደተመለሱም ብዙ ሳይቆዩ ተያዙ። ሮበን ደሴት ላይ በነበሩበት ጊዜ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ክፍላቸው ውስጥ ባሉበት ቆመው እስከ 45 ደቂቃ ይሮጡ ነበር፤ በዚያ ላይ ፑሽ አፕና ሌላም ይሠሩ ነበር። የቀሩትን ሦስት ቀናት ያርፋሉ። ልብ በሉ፣ ዕረፍቱም በፕሮግራም ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይኼ ነው፦ የመጀመሪያ ትራያትሎንን የሚያስጨርሰው ጉልበትም ውድ ሳይክልም አይደለም። ቋሚ ሰዓትና ከደካማ ጎናችሁ መጀመር ነው። ሯጭ ከሆናችሁ ልምምዳችሁ ሩጫ ላይ እንዳይበዛ። የምትወዱትን መደጋገም ደስ ይላል፤ የሚያድናችሁ ግን የምትፈሩትን በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ መልመድ ነው።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2016 በትራያትሎን ውድድሮች ላይ የደረሱ ድንገተኛ ሞቶችንና የልብ መቆሞችን የመረመረ ጥናት 120 ሰዎችን መዝግቧል። ከ120ዎቹ 90ዎቹ ያጋጠሙት ዋናው ላይ ነው። ከተሳታፊው ብዛት አንጻር አደጋው በጣም ትንሽ ነው፤ ከ100,000 ሁለት አይሞላም። ግን የት እንደሚደርስ ግልጽ ነው። ከተጎጂዎቹም አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ በተለይ ዕድሜ ሲጨምር አደጋውም ይጨምራል። «እኔ ወጣት እያለሁ እኮ…» የምትሉ ወንድሞች፣ ለእናንተ ነው።

የ12 ሳምንት ዕቅድ (ለጤነኛ ጀማሪ)

👉 ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት፦ ዋና በሳምንት 2 ቀን፣ ለ30 ደቂቃ። ርቀት አትቁጠሩ። ፊትን ውሃ ውስጥ ከትቶ አየር ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ በጀርባ መንሳፈፍ፣ ከዚያ 25 ሜትር ዋኝቶ ማረፍ። ብስክሌት 1 ቀን፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። ሩጫ 2 ቀን፣ ለ25 ደቂቃ፤ 2 ደቂቃ ሩጡ፣ 1 ደቂቃ ተራመዱ።

👉 ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት፦ ዋና 2 ቀን፣ በመሐል እያረፉ በድምሩ ከ400 እስከ 500 ሜትር። ብስክሌት 2 ቀን፣ አንዱ እስከ 1 ሰዓት። ሩጫ 2 ቀን፣ ለ30 ደቂቃ በዝግታ።

👉 ከ9ኛ እስከ 11ኛ ሳምንት፦ ዋናውን ወደ 750 ሜትር አድርሱ፤ መጀመሪያ እያረፋችሁ፣ በኋላ ሳታቋርጡ። በሳምንት አንድ ቀን ብስክሌት 40 ደቂቃ ነድታችሁ ወዲያው 10 ደቂቃ ሩጡ። እግራችሁ የሰው እግር ይመስላችኋል፤ አትደንግጡ፣ ሰውነት ይለምደዋል።

👉 12ኛ ሳምንት፦ ልምምዱን በግማሽ ቀንሱ፣ ተኙ፣ ብሉ።

በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እረፉ። ዋና ጨርሶ የማትችሉ ከሆነ ከአሠልጣኝ ጋር 25 ሜትር ተረጋግታችሁ እስክታቋርጡ ድረስ 1ኛውን ሳምንት መቁጠር አትጀምሩ። ልኩ ቀላል ነው፦ ስትሮጡም ስትነዱም ከጎናችሁ ካለ ሰው ጋር ማውራት ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ለዕረፍት ከውጭ የምትመጡ ወገኖች፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ቀለል አድርጉት።

የእኛው አገር ጉዳዮች

ውሃ፦ ብቻችሁን አትዋኙ፤ ጠባቂ የሌለበት ገንዳ አትግቡ። ድንጋጤ ከመጣ አትታገሉ፣ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ ትንፋሽ ሰብስቡ፣ እጅ አንሱ። የአቃቂ ወንዝ ከከተማና ከፋብሪካ በሚወርድ ቆሻሻ የተበከለ ነው፤ ለልምምድ አይታሰብ። ጣናን ጨምሮ ብዙ ሐይቆቻችን ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ሐይቅ ውስጥ ዋኝታችሁ ከሆነ በኋላ ላይ ለሐኪም ንገሩ።

መንገድ፦ በቃሊቲ መስመር ከሲኖትራክ ጋር የሚጋፋ ጀማሪ ማየት አልፈልግም። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩ የብስክሌት መስመሮች፣ «መንገድ ለሰው» ለመኪና ዝግ የሚሆንባቸው ቀናት፣ ወይም የጂም ሳይክል ይበቃል። ሄልሜት ግዴታ ነው። ሌሊት ለሊት የምትሮጡ፣ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። «የሰፈር ውሻ ነው» ብላችሁ አትተዉት።

ምግብ፦ ከውጭ የመጣ ዱቄት አያስፈልጋችሁም። በሶ፣ ሙዝ፣ ቆሎ፣ ድንች አገራችን የሰጠችን የስፖርት ምግቦች ናቸው። የምትጾሙ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ከፈሰካችሁ በኋላ ወደ ማታ አድርጉት፤ ባዶ ሆድ ረጅም ብስክሌት አትንዱ። ውሃ ሲጠማችሁ ጠጡ፤ በግድ ሊትር በሊትር መጋትም ይጎዳል።

መድኃኒት፦ «እንዳያመኝ» ብላችሁ ከልምምድ በፊት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትውሰዱ። ላብ ሲበዛ ኩላሊትን ይጎዳል።

መጀመሪያ ሐኪም ማየት ያለባቸው

ዕድሜያችሁ ከ40 በላይ ሆኖ እንቅስቃሴ የማታዘወትሩ፤ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፤ በልጅነታችሁ ከቶንሲል ጋር የተያያዘ የልብ ሕመም አለባችሁ የተባላችሁ፤ ስትሮጡ ደረታችሁን የሚጨንቃችሁ ወይም ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ፤ ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያላችሁ። የሚጥል በሽታ ያለባችሁና ጆሯችሁ የሚፈሳችሁ ደግሞ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት የግድ አማክሩ። በልምምድ መሐል የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የልብ ምት ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው አቁሙ። «ይህን ዙር ልጨርስ» የሚባል ነገር የለም።

«ዶክተር፣ ይኼ የሀብታም ስፖርት አይደለም ወይ?» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት አላችሁ፣ የገንዳ መግቢያ ውድ ነው፤ ብስክሌትም እንደዚያው። ይህ ከተማ ለልጆች ዋና የሚያስተምሩ ሕዝባዊ ገንዳዎች በየክፍለ ከተማው ያስፈልጉታል ብዬ አምናለሁ፤ ዋና መቻል ቅንጦት ሳይሆን ሕይወት አድን ነው። እስከዚያው ግን የተዋሳችሁት ሳይክልና በወር ጥቂት የገንዳ ቀን ያላችሁ ከሆነ፣ ዕቅዱ ከ12 ወደ 24 ሳምንት ይርዘም። ማንም አያባርራችሁም።

ታካሚዬ አሁን በየጠዋቱ 12 ሰዓት ሰፈራቸው ውስጥ ይራመዳሉ፤ ዙር ይቆጥራሉ። ግፊታቸው ወርዷል። መድኃኒቱንም አላቋረጡም፤ ይህን አስምሩበት፣ እንቅስቃሴ መድኃኒትን ያግዛል እንጂ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይተካም። እኔ ደግሞ ማክሰኞና ዓርብ፣ አሠልጣኝ ባለበት፣ ጥልቀት ከሌለው በኩል ነው የምገባው። ሳላቋርጥ 400 ሜትር ደርሻለሁ። 750 ገና ነኝ። ውድድር ባላገኝ እንኳ ሦስቱን በአንድ ጠዋት ራሴ የምጨርስበትን ቀን ካላንደር ላይ ጽፌያለሁ።

ባለፈው ለክትትል ሲመጡ እኔ ግፊታቸውን ከመለካቴ በፊት እሳቸው ቀደሙኝ፦ «እሺ ዶክተር፣ ስንት ዙር ደረስክ?»

«አስራ ስድስት» አልኳቸው።

«ጥሩ። ማክሰኞን እንዳታሳልፍ።»

እናንተስ? ቀናችሁንና ሰዓታችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ርቀቱን አልጠይቃችሁም። ለሚጠቅመው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።