«ነገ እጀምረዋለሁ» ስለ ማለት



በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ምግባችን፣ ስለ ማደሪያችንና ስለ ቤተ መጻሕፍት መቀመጫ ማነስ ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን በማንም ላይ አቤት የማንልበትን፣ የገዛ ራሳችንን ጉዳይ ነው። ይኸውም ሥራን ከዛሬ ወደ ነገ፣ ከነገም ወደ ፈተና ዋዜማ የመግፋት ልማዳችን ነው። ይህንንም ጽሑፍ ለአዘጋጁ ያስረከብሁት ከተቆረጠው ቀን በሁለት ቀን ዘግይቼ መሆኑን አስቀድሜ ብናዘዝ ይሻላል።

ባለፈው ዓመት አንድ መምህራችን፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሆን ዘንድ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ መሬቱ እንዴት እንደ ተከፋፈለ በዐይኑ ያየ ሰው ጠይቀን እንድንጽፍ አዘዙን። የተሰጠን ጊዜ አንድ መንፈቅ ሙሉ ነበር። ዕድልም ቀናኝ፤ በዚያን ዘመን የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ የነበሩ አንድ አዛውንት ዐይናቸውን ሊታከሙ ከገጠር መጥተው ሽሮ ሜዳ ከልጃቸው ቤት ዐርፈው ነበር። በመንፈቁ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ሄጄ ተዋወቅኋቸው። ቡና ተፈላ፤ ስለ ትምህርቴና ስለ አገሬ ጠየቁኝ። «ለመሆኑ መሬቱን በምን ለካችሁት፣ አባባ?» ብላቸው ሳቁና፣ «በገመድ ነዋ! የገመዱስ ነገር ብዙ ነው። ደብተርህን ይዘህ ና፣ ልጄ፤ ቁጭ ብዬ እነግርሃለሁ» አሉኝ።

ከማደሪያዬ እስከዚያ ቤት በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም። ሆኖም የሚቀጥለው ቅዳሜ ልብስ የማጠብ ቀን ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቅዳሜ ዘነበ። በሦስተኛው ደግሞ ጥያቄዎቼን በሚገባ ሳላሰናዳ ብሄድ ይታዘቡኛል ብዬ ቀረሁ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ በመጨረሻው ሳምንት ደብተሬን ይዤ ስደርስ፣ አዛውንቱ ወደ አገራቸው ከተመለሱ ዐሥራ አምስት ቀን ሆኗቸው ነበር። ወረቀቱን በሁለት ሌሊት ከመጻሕፍት ቃርሜ አስረከብሁ። «ቢ» አገኘሁበት፤ ከግርጌውም «መልካም ሥራ» የሚል ቃል ተጽፎበት ነበር። በክረምቱ አዛውንቱ ማረፋቸውን ሰማሁ።

በማርክ በኩል እንግዲህ ምንም አልጎደለብኝም። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ሥራን በመግፋታችን የሚጠፋውን ነገር ማርኩ ስለሚሸፍንልን፣ በሁለት ሌሊት የተሠራውን ከአንድ መንፈቅ ሥራ ጋር እኩል እንቆጥረዋለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ስለዚያ ወረቀት ዛሬ ብጠየቅ ከርእሱ በቀር የማስታውሰው ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ነገር ግን በዚያ መንፈቅ እኔ ሥራ ፈት አልነበርሁም፤ ልብሴ ታጥቧል፣ ክፍሌ ተጠርጓል፣ በሦስት ቀለም ያሸበረቀ የጥናት ሰሌዳም ከአልጋዬ ራስጌ ተለጥፏል። (የስልኩን ነገር ሆነ ብዬ አላነሣም፤ ቴሌግራም ሳይኖር በፊት የተማሩትም ካርታ ሲጫወቱ ያመሹ እንደ ነበር ራሳቸው ይነግሩናል።) እኔ የሸሸሁት ድካሙን ሳይሆን ጅማሬውን ነበር። ያልተጀመረ ጽሑፍ በሐሳብ ውስጥ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ሲጻፍ ግን የዕውቀታችን ልክ ይታያል። ይህን ላለማየት ስንል ብቻ ወለል እንጠርጋለን።

ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ጥናት ነገሩን ያብራራል። ሥራ የሚገፉት ተማሪዎች በመንፈቁ መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ጭንቀትም ሕመምም ያነሰባቸው ሆነው ተገኙ። በመጨረሻው ግን ጭንቀቱም ሕመሙም ከሌሎቹ በላይ ሆነባቸው፤ ውጤታቸውም ዝቅ አለ። መጀመሪያ ላይ ያገኙት ዕረፍት እንግዲህ በአራጣ የተበደሩት ነበር ማለት ነው።

ፓርኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 «ኢኮኖሚስት» በተባለው መጽሔት ላይ በቀልድ መልክ እንደ ጻፈው፣ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል። ሌላ ጉዳይ የሌላቸው አንዲት አሮጊት ለእኅታቸው ወይም ለወንድማቸው ልጅ አንዲት ፖስትካርድ ለመላክ ቀኑን ሙሉ ይፈጁበታል ይላል። የእኛ ግን ከዚህ ይብሳል፤ ለሥራው አራት ወር ተሰጥቶት የሚደርሰው ሁለት ሌሊት ነው። የቀረውን ጊዜ የሚሞላው የሥራው ሐሳብ ብቻ ነው።

አንዳንዶቻችን «የሐበሻ ቀጠሮ ነው፤ ምን ይደረግ» እያልን በባህላችን እናሳብባለን። እኔ ይህን አልቀበለውም። ጤፉን በሐምሌ የሚዘራ ገበሬ «በኅዳር እዘራዋለሁ» ሲል የሰማ አለን? እናቶቻችንስ የእቁብ ቀን ሲደርስ ብሩን ከየትም ብለው አያመጡምን? ብቻቸውን ሆነው ዐሥር ብር ማስቀመጥ የሚያቅታቸው ሰዎች በእቁብ ብዙ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ምክንያቱም ዳኛ አለ፤ ቀን አለ፤ ባዶ እጅ ሲመጣ ደግሞ ዐይን ለዐይን መተያየት አለ።

ከዚህ ተነሥተን እኔና አራት ጓደኞቼ የጽሑፍ እቁብ ጀምረናል። በየማክሰኞው ማታ በ1 ሰዓት እንሰበሰባለን፤ እያንዳንዱም በሳምንቱ የጻፈውን አንድ ገጽ ይዞ ይመጣል። ገጹ መጥፎ ቢሆን አይከለከልም፤ ባዶ እጅ መምጣት ግን ክልክል ነው። ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው የደረሰው ጽሑፉን ያነብባል፤ ሌሎቹም ያርሙታል። እስካሁን ስድስት ማክሰኞ አልፏል። አንዱ ጓደኛችን ታሞ በቀረበት ዕለት እንኳ ገጹን በሰው እጅ ልኳል።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። አራት ወር ሰጥቶ በመጨረሻው ቀን ብቻ መቀበል ለእንደኛ ያለው ተማሪ ወጥመድ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አጭር ዕቅድ፣ በስምንተኛው ሁለት ገጽ ረቂቅ ብትጠይቁን፣ ማርክ እንኳ ባይያዝበት፣ መጥተን ፊታችሁ እንቆማለንና እንጽፋለን። እንዲህ የሚያደርጉ አንድ መምህር አሉን፤ በእርሳቸው ትምህርት ሌሊቱን ሳልተኛ ያደርሁበት ጊዜ የለም። የእርማቱ ድካም በእናንተ ላይ እንደሚበዛ አላጣሁትም።

ባለፈው ማክሰኞ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ያነበብሁትም ስለ ሽሮ ሜዳው አዛውንት የማስታውሰውን ነበር። ስለ ገመዱ የጻፍሁት ሦስት መስመር ብቻ ነው። አንዷ ጓደኛችን «ርዝመቱ ስንት ክንድ ነበር? ማንስ ይይዘው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አልነበረኝም። በዚያ አገር የሚያውቅ ሌላ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ልጃቸውን ለመጠየቅ የፊታችን ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ለእርስዋም ማክሰኞ መልሱን አመጣለሁ ብያታለሁ።