አልቅት መድኃኒት ነው ወይስ መሣሪያ?

አልቅት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከኵሬ ውሃ ጋር ገብቶ በከብት ጕሮሮ የሚጣበቀውን ደም መጣጭ ነው። በኤውሮፓ ሆስፒታሎች ግን የዚህ የተናቀ ፍጥረት ዘመድ በሐኪም ትእዛዝ ይሠራል፤ ለሕግ ሰዎችም ከባድ ጥያቄ ሆኗል።

ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ስሎቬኒያ በዚህ ነገር ስም አላት። በልዩብልያና ከተማ ይሠሩ የነበሩ ደርጋንጽና ዝድራቪች የተባሉ ሐኪሞች፣ አገራቸው የዩጎዝላቪያ ክፍል በነበረችበት በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ አልቅት ለቀዶ ጥገና የሚሰጠውን ጥቅም በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ጽፈው አሳወቁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የተቈረጠ ጣት ሲቀጠል ወይም ቆዳ ተነሥቶ ሲዛወር፣ ደም ወሳጁ ሥር ደም ያስገባል፤ ደም መላሹ ግን ቶሎ አይከፈትም። ደሙ ይታቈራል፤ ሥጋው ይጠቍራል፤ በመጨረሻም ይሞታል። አልቅት የታቈረውን ደም መጥጦ ያወጣል፤ በምራቁ ያለው ሂሩዲን የተባለ ንጥረ ነገርም ደሙ እንዳይረጋ ስለሚከለክል፣ አልቅቱ ከተነሣ በኋላ ንክሻው ለብዙ ሰዓት ይደማል። ገላው አዲስ ሥር እስኪያበቅል ድረስ ጣቱ የሚቈየው በዚህ ነው።

እንግዲህ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ምን ብሎ ይመዝግበው? አሜሪካኖች በ2004 የሕክምና መሣሪያ ነው ብለው ፈቀዱ። የሚዋኝ መሣሪያ መሆኑ ነው! ስሎቬኒያ በዚያው ዓመት የገባችበት የኤውሮፓ ኅብረት ግን ይህን በር ዘግቶታል፤ በ2017 የወጣው የመሣሪያዎች ደንብ ሕያው ፍጥረትን ከመሣሪያ ተራ ያስወጣልና። የ2001 የመድኃኒት መመሪያ ደግሞ መድኃኒት ሊሆኑ ከሚችሉት ነገሮች መካከል ሙሉ እንስሳን ይቈጥራል፤ ሆኖም የሚገዛው በኢንዱስትሪ የተዘጋጀውን ነው። በገንዳ ያደገ አልቅት በኢንዱስትሪ ተዘጋጀ ይባላልን? ጀርመን መድኃኒት ነው ብላ ይዛዋለች።

ይህ ሁሉ የጸሐፊዎች ሥራ ፈትነት የሚመስለው ወጣት ሹም ቢኖር፣ አልቅቱን እስከ በሽተኛው አልጋ ይከተለው። በአልቅት ሆድ ኤሮሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ይኖራል፤ ሊድን የተቃረበውን ጣት ሊያመረቅዘው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች አስቀድመው አንቲባዮቲክ ይሰጣሉ፤ በአንድ በሽተኛ ላይ የዋለ አልቅትም ለሌላ አይውልም፣ ይገደላል። መድኃኒት ከተባለ፣ ከየት መጣ፣ ምን በላ፣ ስንት ጊዜ ጾመ ብሎ አርቢውን የሚጠይቅ ባለሥልጣን ይኖራል። ካልተባለ ጥያቄው ሁሉ በሐኪሙ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። የመድኃኒት መዝገብ ለትንሽ አገርና ለጥቂት አልቅት አርቢ ከባድ ሸክም መሆኑን አንክድም፤ ቢሆንም የጀርመንን መንገድ እንመርጣለን።

በ2007 የወጣ የዘር ምርመራ፣ ሂሩዶ ሜዲሲናሊስ እየተባለ ለሐኪሞች ሲሸጥ የነበረው አልቅት ሂሩዶ ቨርባና የተባለ ሌላ ዓይነት ሆኖ መገኘቱን ገለጸ። አሜሪካኖች ፈቃዱን ከሰጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።