ፀጉሯ የረገፈው ትንሽ እንግዳ

በዚህ ዕትም የምናነሣው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ አንድ ቀን መድረሱ አይቀርም።

እስቲ በወሎ ደጋ፣ በደላንታ ወረዳ ዋና ከተማ በወገል ጤና የምትኖሩ ናችሁ እንበል። በግ ሲጠብቅ የዋለው የዘጠኝ ዓመት ልጃችሁ አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ይገባል። እጁን ከጋቢው ውስጥ አላወጣም። "ምን ይዘሃል?" ስትሉት መልስ የለም። ጋቢውን ቀስ ብላችሁ ስትገልጡ ከጉያው አንዲት የሽኮኮ ግልገል ብቅ ትላለች። ጎኗና ጀርባዋ ላይ ፀጉሯ ረግፏል፤ ቆዳዋ ቅርፊት አውጥቷል፤ ትንቀጠቀጣለች። "እናቷን ውሻ ገደላት፤ እኔ ላሳድጋት" ይላችኋል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ምን ትሉታላችሁ? ብዙዎቻችን ከሁለት መልሶች አንዱን እንሰጣለን። አንዳንዶቻችን "አውጥተህ ጣላት! በሽታ ልታመጣብን ነው?" እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ልባችን ይራራና "እሺ የኔ ጌታ፣ ወተት ስጣት" እንላለን። የመጀመሪያው መልስ የልጁን ርኅራኄ ይሰብራል። ሁለተኛው ደግሞ ግልገሏን ሊገድል፣ ቤተ ሰቡንም ሊያሳምም ይችላል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ አብረን እንፈልግ።

የትኛዋ ሽኮኮ ናት?

በአማርኛ ሽኮኮ የሚለውን ስም ለሁለት የተለያዩ እንስሳት እንጠቀምበታለን። አንደኛዋ ጅራተ ረጅሟ፣ ዛፍ ላይ ወይም ጉድጓድ ውስጥ የምትኖረው ናት። ሁለተኛዋ ጅራት የሌላት የሚመስለው፣ ከላስታ እስከ ደላንታ ባለው ገደላማ አገር በዓለት ስንጥቅ ውስጥ በመንጋ የምትኖረው ናት። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 30 ከትንንሾቹ ጠቢባን ጋር የተቆጠረችው ይህችኛዋ ናት። የአይጥ ዘመድ ብትመስልም የቅርብ ዘመዷ ዝሆን መሆኑን ለልጃችሁ ብትነግሩት ይደነቃል።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? ባለ ጅራቷ ሽኮኮ ስትወለድ ራቁቷን ናት፤ ዓይኗም ለጥቂት ሳምንታት አይገለጥም። ስለዚህ መላ ሰውነቷ ለስላሳና ሮዝ ከሆነ ፀጉሯ አልረገፈም፤ ገና አልበቀለም። የዓለቷ ሽኮኮ ግን ሰባት ወር ያህል በእናቷ ማኅፀን ቆይታ፣ ፀጉሯን ለብሳ፣ ዓይኗን ገልጣ ትወለዳለች። በተወለደች ዕለትም ትሮጣለች። በእርሷ ላይ የተላጠ ቆዳ ካያችሁ አንድ ችግር አለ ማለት ነው።

በእርግጥ እናት የላትምን?

ብቻዋን የተገኘች ግልገል ሁሉ እናቷን ያጣች አይደለችም። የሽኮኮ መንጋ ጠላት ሲያይ ጠባቂዋ ትጮኻለች፤ ሁሉም ወደየስንጥቁ ይሮጣል። በዚህ መካከል ግልገል ወደ ኋላ ልትቀር ትችላለች። ልጃችሁን ሳትቆጡ ጠይቁት፦ የት አገኛት? የሞተችውን እናት በዓይኑ አይቷል? ወይስ ገምቶ ነው?

እናቷ መሞቷ ካልተረጋገጠ፣ ግልገሏም ጠንካራ ከሆነች፣ ገና ቀን ሳለ ወደዚያው ዓለት መልሷት። ውሻውን እሰሩ፤ ራቅ ብላችሁ በዝምታ ጠብቁ። "የሰው ሽታ ስላለባት እናቷ አትቀበላትም" የሚባለው እንዳያግዳችሁ፤ አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት በሰው እጅ የተነካ ልጃቸውን መልሰው ይቀበላሉ። የምትመለሰው ግን ወደ ተገኘችበት ዓለት ነው። ሌላ መንጋ እንግዳን ሊያባርር ይችላል።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

መሽቶ ከሆነ፣ ወይም እናቷ በእርግጥ ሞታ ከሆነ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ በመጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ፈሳሽ፣ ምግብ በመጨረሻ። ሰውነቷ የቀዘቀዘ ግልገል ምግብ መፍጨት አትችልም። በብርድ ላይ ወተት መጋት ብዙ ግልገሎችን ይገድላል። የዓለት ሽኮኮ ደግሞ ሙቀቷን በራሷ መጠበቅ ብዙም የማትችል ፍጥረት ናት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትሞቀውና ማታ ከመንጋዋ ጋር ተጠጋግታ የምትተኛው ለዚህ ነው። በወገል ጤና ብርድ፣ ያውም ፀጉር ሳይኖራት፣ ሌሊቱን እንዴት ትችለዋለች?

የአየር ቀዳዳ ያለው ካርቶን አዘጋጁ። ክሩ ያልተፈታ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፉበት፤ የተፈታ ክር እግሯን ሊያንቃት ይችላል። በሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ያለ ውኃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በካርቶኑ አንድ ወገን አድርጉት። በአንድ ወገን የምንለው ከሞቃት ራሷን እንድታርቅ ነው። ምድጃ ዳር አታስቀምጧት፤ ጭሱም ግለቱም ይጎዳታል።

ስትሞቅና ስትነቃ፣ እንደ መመሪያው በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ለብ አድርጋችሁ፣ መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ በአፏ ጥግ ጠብታ በጠብታ ስጧት። እንደ ሕፃን ልጅ በጀርባዋ አታስተኟት፤ በሆዷ እንደ ተኛች አንገቷን ቀና አድርጉ። በጀርባ የተኛ ግልገል ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይገባና ይሞታል። በአፍንጫዋ ፈሳሽ ከወጣ ወዲያው አቁሙ።

የላም ወተት ለብዙ የዱር ግልገል ሆድ አይስማማም፤ ያስቀምጣታል፤ ተቅማጥ ደግሞ ትንሽን እንስሳ በአንድ ቀን ያደርቃል። የዓለቷ ሽኮኮ በተወለደች በጥቂት ቀናት ቅጠል መቀንጠብ ስለምትጀምር ለምለም ሣርና እርሷ ባለችበት ገደል የሚበቅል ቅጠል አጠገቧ አድርጉላት። ከዚያ በላይ ለሚሆነው አመጋገብ ባለሙያ ጠይቁ።

ፀጉሯ ለምን ረገፈ?

ጠዋት፣ በብርሃን፣ እጃችሁን በፌስታል ወይም በጓንት ሸፍናችሁ ተመልከቷት። ቆዳዋ ወፍሮ ቅርፊት ከያዘና አብዝታ ከምታክ፣ በዓይን የማይታዩ ተባዮች የሚያመጡት እከክ ሊሆን ይችላል። ፀጉሩ ክብ ክብ ሆኖ ከተላጠና ፍርፍር ካለው ጭርት ሊሆን ይችላል። ፀጉሯን ስትገልጡ የሚርመሰመስ ነገር ካያችሁ ቅማል፣ ቁንጫ ወይም መዥገር አለባት፤ ብዛታቸው ደሟን ሊጨርስ ይችላል። ቅርፊትም ማሳከክም ሳይኖር ከቀናት በኋላ ፀጉሯ እየሳሳ ከሄደ የምግብ ጉድለት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በአፏና በደረቷ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ደግሞ የፈሰሰ ወተት ደርቆባት ይሆናል፤ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ ጥረጓት። እንግዲህ መልኩ ሊመሳሰል ስለሚችል የመጨረሻውን ቃል ለእንስሳት ሐኪሙ ተዉለት።

አሁን ደግሞ አንድ ከባድ ነገር እንናገር። በገጠሩ የተላጠ ቆዳ ሲታይ ላምባ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ለበግ የሚረጭ የተባይ መድኃኒት የመቀባት ልማድ አለ። በዚህች ትንሽ አካል ላይ ይህ መርዝ ነው። በቆዳዋ ይገባል፤ እየላሰችም ትውጠዋለች።

"ለበጎቻችን የሚወጋው መድኃኒትስ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። አይቨርሜክቲን የሚባለው መርፌ ለበግ በተለመደው ጥንካሬው 1 ሚሊ ሊትር የሚሰጠው ለ50 ኪሎ ግራም ክብደት ነው። ግልገሏ ሩብ ኪሎ ብትመዝን የሚደርሳት የ1 ሚሊ ሊትር ሁለት መቶኛው እጅ ብቻ ነው። ይህን በቤት ባለ ሲሪንጅ ማን ይለካዋል? ስለዚህ ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ወይም ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሂዱ። ለሽኮኮ ብላችሁ መሄዳችሁ አያሳፍራችሁ፤ እከክ እንደሆነ ወደ በጎቻችሁም ሊዛመት ይችላልና የራሳችሁም ጉዳይ ነው።

የቤተ ሰቡ ጤና

ጭርት ከእንስሳ ወደ ሰው ይጋባል፤ የእንስሳት እከክም ለጊዜው ሰውን ሊያሳክክ ይችላል። ስለዚህ ግልገሏ ከልጆች ጋር አትተኛ፤ ወደ ማዕድ ቤትም አትግባ። የሚነካት አንድ ትልቅ ሰው ይሁን፤ እርሱም በሳሙና ይታጠብ። የነከሰችው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታን በዋነኛነት የሚያስተላልፈው ውሻ ቢሆንም፣ የማናውቀው የዱር እንስሳ ሲነክስ አደጋውን የሚመዝነው የጤና ባለሙያ ነው።

በደጋው ስለ ሽኮኮ ሲነሣ ቁንጭርን ማለፍ አይቻልም። ፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድነው፣ ጠባሳውም ዕድሜ ልክ የሚቀረው ይህ ቁስል ብዙ ልጆችን አሳፍሯል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች የበሽታው ተሕዋስ በዓለት ሽኮኮዎች ውስጥ እንደሚኖር አሳይተዋል። ነገር ግን በደንብ እንረዳው፤ ቁንጭር ሽኮኮን በመንካት አይያዝም። ከሽኮኮዋ ወደ ሰው የምታሻግረው በዓለት ስንጥቅ የምትራባ፣ በጨለማ የምትነክስ ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ናት። አደጋው የሚበዛው መንጋው ባለበት ገደል አጠገብ ማምሸትና ማደር ላይ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በደላንታ ገደሎች ኦፓል የሚቆፍሩ ወጣቶችም ይህን ቢያውቁ መልካም ነው። ሳምንታት አልፎት ያልዳነ የፊት ቁስል ያለበትን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ሕክምና አለው፤ በደሴ አጠገብ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልና በአዲስ አበባ አለርት በዚህ ሕክምና የታወቁ ናቸው።

ወደ ዓለቷ

አሁን ልጃችሁ የሚጠይቀውን ጥያቄ እናንሣ፦ "ለምን አብራን አትኖርም?" በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ ግልገሏን እንዳገኛችሁ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። በሆለታ አቅራቢያ እንሰሳ ኮቴ የተባለ፣ ቦርን ፍሪ የተሰኘው ድርጅት የሚያስተዳድረው የዱር እንስሳት ማገገሚያ አለ፤ ሆኖም ከወሎ ገደል እዚያ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ለብዙዎቻችሁ የሚቀርበው የወረዳው ባለሙያ ነው።

ከሕጉ ባሻገር ግን ሌላ ምክንያት አለ። ሰውን የለመደች ሽኮኮ ውሻን መፍራት ትረሳለች። ያለ መንጋ ያደገች የጠባቂዋን ጩኸት አታውቅም። ስትጎለምስ ደግሞ ጥርሷ ስለታም ነው፤ ትናንት ያቀፋትን ልጅ ትነክሳለች። ያን ጊዜ በጨለማ ወደ ሜዳ ተጥላ የጅብ እራት ትሆናለች። በፍቅር የተጀመረው በጭካኔ ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "እስክትድን እንረዳታለን፤ ስትድን ባለሙያው እንደሚመክረን ወደ ወገኖቿ ትመለሳለች" ብላችሁ ንገሩት። ስም ሊያወጣላት ቢፈልግ አትከልክሉት፤ ተስፋው ግን እውነተኛ ይሁን።

ብትሞትስ?

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ሳንነግራችሁ ብናልፍ ታማኞች አንሆንም። ሁሉም ነገር በትክክል ቢደረግም፣ በበሽታ የደከመች እናት አልባ ግልገል ብዙ ጊዜ አትተርፍም። በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑን ስትከፍቱ ደርቃ ልታገኟት ትችላላችሁ። ልጁ ሳይነቃ ወስዳችሁ ጥላችሁ "ሮጣ ሄደች" አትበሉት። አንድ ቀን እውነቱን ያውቃል፤ ያን ጊዜ የሚያዝነው በሽኮኮዋ ብቻ አይደለም።

አስቀምጡትና ንገሩት። "ታማ ነበር የመጣችው። አንተ ስለነካሃት አልሞተችም። በመጨረሻዋ ሌሊት አልበረዳትም፤ ያን ያደረግህላት አንተ ነህ" በሉት። ከፈለገ ያልቅስ፤ "ለሽኮኮ ይለቀሳል እንዴ?" ብላችሁ አታሳፍሩት። ከቤት ራቅ ብላችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አብራችሁ ቅበሯት፤ ካርቶኑንና ጨርቁን አቃጥሉ፤ እጃችሁንም አብራችሁ ታጠቡ።

ለዚህች ትንሽ እንስሳ ያዘነ ልብ ነገ ለታመመች እህቱ፣ ለተቸገረ ጎረቤቱ፣ ለአረጀች እናቱ የሚያዝነው ያው ልብ ነው። እኛ የምንጨምርለት ዕውቀትን ነው፤ ሲያዝን መጠየቅን፣ ሲረዳ መጠንቀቅን፣ የራሱ ያልሆነውንም መልሶ መስጠትን።

እንግዲህ ልጃችሁ አንድ ቀን እጁን ከጋቢው ሥር ሳያወጣ ወደ ቤት ሲገባ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት "እስቲ አሳየኝ" በሉት። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።