«ተቃጠለ» እና «አቃጠልሁት»

አንባቢዬ ሆይ! የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንዲት ፊደል ነው። ፍሪጅዎ ወይም የውሃ ቦይለርዎ ተበላሽቶ ለጠጋኝ የሰጡበትን ቀን እስቲ ያስታውሱ። በማግሥቱ ሊቀበሉ ሲሄዱ ጠጋኙ ራሱን እየነቀነቀ «ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል» ይልዎታል። እርስዎም አዝነው «እንግዲህ ምን ይደረጋል!» ይሉና ስለ ዋጋው መነጋገር ይጀምራሉ። ለመሆኑ «ማን አቃጠለው?» ብለው ጠይቀው ያውቃሉን?

ቋንቋችን በዚህ በኩል ለጥፋተኛ ሰው እጅግ የሚመች ነው። «ተ»ን ከግሡ ፊት ስናስቀምጣት አድራጊው በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ይወጣና ዕቃው ከነጥፋቱ ብቻውን ይቀራል። ሽቦው ተበጠሰ፤ መስተዋቱ ተሰበረ፤ ሞተሩ ተቃጠለ እንላለን። የበጠሰው፣ የሰበረውና ያቃጠለው ሰው ግን በነገሩ ውስጥ የለም። ጎንደር የቅኔ አገር ናትና ሰምና ወርቅ መለየት ለማንም አይቸግርም። በእኛ ሙያ «ተቃጠለ» ሰሙ ሲሆን፣ ወርቁ ብዙ ጊዜ «አቃጠልሁት» ነው።

ይህን የምለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። እኔም በዚችው በጎንደር ከተማ ማቀዝቀዣና ማሞቂያ እየጠገንሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ፤ «ተቃጠለ» ያልሁበትን ጊዜ ሁሉ ቈጥሬ አልጨርሰውም።

በሙያችን የሚሠሩት ስሕተቶች ዐይነታቸው ብዙ አይደለም። ጋዙ ያለቀበት ፍሪጅ ሲመጣ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ ሞልቶ መስደድ አንዱ ነው። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ነዳጅ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለምና፣ ከጐደለ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ባለ ዕቃውም በወሩ ተመልሶ ሁለተኛ ይከፍላል። አየሩንና እርጥበቱን በቫኪዩም ፓምፕ ሳያወጡ ጋዝ መሙላት ሁለተኛው ነው፤ የቀረችው የውሃ ጠብታ በቀጭኑ ቱቦ ጫፍ በረዶ ሆና መንገዱን ትዘጋዋለች። የተበላሸው ማስነሻው ሪሌ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሳይመረምሩ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» ብሎ መፍረድ ሦስተኛው ነው። እነዚህ ገንዘብ ያስጠፋሉ። ሕይወት የሚያስጠፉም አሉ። የቦይለርን የመሬት ሽቦ ሳያገናኙ መተው፣ ወይም የሚንጠባጠበውን የግፊት መተንፈሻ ደፍኖ መሄድ፣ ገላውን የሚታጠበውን ሰው ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው። ዛሬ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር 600ኤ የሚባለው ጋዝም በእሳት የሚያያዝ ስለ ሆነ፣ ጋዙን ሳያስወጡ ቱቦውን በእሳት የሚበይድ ሰው ራሱንም ቤቱንም ሊያቃጥል ይችላል።

«ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ተረት ለተሳሳተ ሰው ይቅርታ ይሰጣል እንጂ ለደበቀው አይሰጥም። የሁለቱን ልዩነት ያስተማረኝን ነገር ልንገርዎ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወርኃ ኅዳር፣ ከደባርቅ ወዲያ በደጋው ላይ ባለ አንድ የጤና ተቋም የክትባት ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ተጠራሁ። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእነሱ አይደለምና። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ ለመድረስ መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጎንደር ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን፣ ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳር ሌሊት ያ አገር በውርጭ ይመታል።

የተበላሸው ቴርሞስታቱ ነበር። ቴርሞስታት ማለት ቅዝቃዜው ከልኩ ሲደርስ ኮምፕሬሰሩን የሚያሳርፍ፣ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ የሚያስነሣ ዳኛ ነው። ዳኛው ወሬውን የሚሰማው ከራሱ በሚወጣ አንድ ቀጭን ቱቦ ነው፤ የቱቦውም ጫፍ ከሚቀዘቅዘው ብረት ጋራ ጠብቆ መታሰር አለበት። አዲስ ቴርሞስታት ለወጥሁ። የማሰሪያው ብሎን ግን ዝጎ አልጠብቅ ቢለኝ፣ «ይበቃዋል» ብዬ ቱቦውን እንዲያው አስጠግቼ ተውሁት። ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ ወደ 5 ዲግሪ ወረደ። ለክትባት የሚፈለገው ልክ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነውና ደስ አለኝ፤ ሲስተሯም በበረዶ ሣጥን ያቆየችውን ክትባት መለሰችበት። ሙያው የሚያዘው ሌሊቱን አድሮ ማየትን ነበር። እኔ ግን በማግሥቱ ጎንደር ላይ ደኅና የሚከፍል የሆቴል ሥራ ይጠብቀኝ ስለ ነበረ፣ የመጨረሻውን መኪና ይዤ ተመለስሁ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ሲስተሯ ስልክ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ቴርሞሜትሩ ዛሬ ጧት ከዜሮ በታች 3 አሳየኝ። የተሳሳተው ቴርሞሜትሩ ነው ወይስ ፍሪጁ?» አለችኝ። ያች የዛገች ብሎን ወዲያው በዐይኔ መጣችብኝ። ዳኛው ወሬ ስላልደረሰው ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ሲሠራ እንዳደረ ገባኝ። አፌ ግን ምን አለ መሰለዎ? «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል፤ ሌላ እልክልሻለሁ» አለ። «ተበላሽቶ»! ያች ፊደል እንደ ልማዷ ከች አለች። እርሷም «እሺ ጋሼ፣ ነገ የክትባት ቀናችን ነውና ጨንቆኝ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋች።

አንባቢዬ ሆይ! የነገሩ ክብደት እንዲታይዎ ስለ ክትባት አንድ ነገር ላስረዳ። በአገራችን መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1980 ከተጀመረ ወዲህ፣ ክትባት በቅዝቃዜ እንደሚጠበቅ ብዙ ሰው ያውቃል። ቅዝቃዜ ከልኩ ሲያልፍ እንደሚጎዳው የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የኩፍኝ ክትባትና በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት በረዶ መሆንን ይችላሉ። ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ሌሎች ሁለት በሽታዎችን ጨምሮ አምስቱን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት ግን አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ ኀይሉን ያጣል፤ ቢቀልጥም አይመለስለትም። በብልቃጡ ላይ ያለችው ቀለሟን የምትለውጥ ምልክት ሙቀት እንደ ነካው ትናገራለች እንጂ በረዶ እንደ ሆነ አትናገርም። እንግዲህ ሕፃኑ በስድስተኛው፣ በዐሥረኛውና በዐሥራ አራተኛው ሳምንት ይወጋል፤ ያለቅሳል፤ ካርዱ ይሞላል፤ እናቱም ተመስገን ብላ ትሄዳለች። መርፌው ግን ባዶ ነው። ነገሩን የሚገልጸው ምስክር ያ ቴርሞሜትር ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ምስክሩን ሐሰተኛ አልሁት።

ወደ ሆቴሉ ሥራ ሄድሁ፤ እጄ ግን አልታዘዘኝም። አንዱን ብሎን ሦስት ጊዜ ጣልሁት። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ስልኩን አንሥቼ ደወልሁ። «ሲስተር፣ ቴርሞሜትሩ ደኅና ነው። የሳትሁት እኔ ነኝ። የቴርሞስታቱን ቱቦ አላሰርሁትም፤ ጧትም ዋሽቼሻለሁ። ያን ክትባት ነገ ለማንም አትስጪ» አልኋት። ጥቂት ዝም አለች። ቀጥላም «ጋሼ፣ ጧት ነግረውኝ ቢሆን እኮ ለእናቶቹ ሰው እልክባቸው ነበር። አሁን ማን ይደርስላቸዋል? የሩቆቹ ሌሊት ነው የሚነሡት» አለችኝ። ከጥፋቴ ይልቅ የቈጨኝ ይህ የጥቂት ሰዓት ዝምታዬ ነው።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ሄድሁ። ስደርስ እናቶች ልጆቻቸውን በጋቢ ጠቅልለው በግቢው ሣር ላይ ተቀምጠዋል። ሲስተሯ ነገሩን ነግራቸው ነበር፤ እኔም ቆሜ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። አንዲቱ እናት «ሦስት ሰዓት ተጕዤ ነው የመጣሁት» አለችና ፊቷን አዞረችብኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሲስተሯም የተማረችውን ፈተና አደረገች። ከዚያው ዐይነት ክትባት አንዱን ብልቃጥ ሆን ብላ በረዶ አድርጋ አቀለጠችው፤ ያን ለማነጻጸሪያ ይዛ፣ ከተጠረጠረው ጋራ አንድነት አናውጣ ጐን ለጐን አስቀመጠቻቸው። ደኅና ክትባት ሲናወጥ እንደ ወተት ደብዝዞ ይቆያል፤ በረዶ የሆነ ግን አተላው ቶሎ ወደ ታች ይዘቅጣል። የእኛም ዘቀጠ። ብልቃጦቹ እንዲወገዱ ተለዩ፤ እናቶቹም ሌላ ክትባት ሲመጣ ያን መንገድ ዳግመኛ ተጓዙት። እኔ ብሎኑን ለውጬ፣ ቱቦውን አጥብቄ፣ በማቀዝቀዣው አጠገብ አደርሁ፤ እስኪነጋ ድረስ ከ4 እና ከ5 ዲግሪ አልወጣም። የተቀበልሁትንም ገንዘብ መለስሁ።

«ከዚያስ እውነት በመናገርህ ምን አገኘህ?» ይሉኝ ይሆናል። አልዋሽዎትም፤ ያገኘሁት ጉዳት ነው። ሥራውን የሚያዙት ሰዎች «ይህ ሰው ሁለተኛ እንዳይጠራ» ብለው አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ በኩል ሥራ አጣሁ። የቴርሞሜትሩን ተረት ይዤ ብቀር ኖሮ ግን ሥራዬ አይጎድልም ነበር፤ የሚጎድለው ስማቸውን ከማላውቃቸው ሕፃናት ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ጠጋኝ ሲደብቅ ግን ነገሩ ይብሳል፤ ደባቂው አንድ ሰው፣ በሽተኛው ሌላ ሰው ይሆናልና።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆችም ያወጣሁት ሕግ አጭር ነው። ስሕተትህን ዛሬውኑ ተናገር። ለጓደኛህ ሳይሆን ለሚጎዳው ሰው ተናገር። ግሡን «እኔ» ብለህ ጀምረው። አሁን ምን መደረግ እንዳለበት ጨምረህ ንገር። ወጪውንም ቻል። ይህን ሁሉ ትቶ «ይቅርታ» ብቻ ማለት ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ እንደ መሙላት ነው።

ይህ የሰፈር ጠጋኝ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስልዎ፤ ሙያችን በመላው ዓለም ትልቅ ስሕተት ሠርቷል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1930 ገደማ ፍሪዮን የሚባለው ጋዝ ሲወጣ፣ ሰው ይገድሉ የነበሩትን የቀድሞ ጋዞች ስለ ተካ ሁሉም ተደሰተ። በ1974 ግን ሞሊናና ሮላንድ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ይኸው ጋዝ ሽቅብ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ አስታወቁ። የጋዙ ሠሪዎች ለብዙ ጊዜ ተከራከሩ። በመጨረሻ መንግሥታት በ1987 በሞንትሪያል ተሰብስበው ጋዙ እንዲቀነስ ተስማሙ፤ ሽፋኑም ቀስ በቀስ እየዳነ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ዓለም «ጋዙ አመለጠ» ማለቱን ትቶ «ጋዙን ለቀቅነው» በማለቱ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እርስዎ ልመለስ። የዚህ ዓምድ አንባቢ አብዛኛው ጠጋኝ ሳይሆን አስጠጋኝ ነውና፣ ግማሹ ሥራ የእርስዎ ነው። እውነት የተናገረ ሠራተኛ በማግሥቱ የሚባረር ከሆነ ሌሎቹ የሚማሩት እንዳይሳሳቱ ሳይሆን እንዳይናገሩ ነው። በአሜሪካ ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎች የሠሩትን ስሕተት ራሳቸው የሚያስታውቁበት ሥርዐት አለ። ጽሑፉን የሚቀበለው የሚቀጣቸው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ሌላ ነው፤ ስማቸውም ይፋቃል፤ ትምህርቱ ብቻ ለሁሉም ይዳረሳል። ለአውሮፕላን የበጀ ነገር ለፍሪጅ አያንስም።

እንግዲህ ዕቃዎን ሲያስጠግኑ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ አሳየኝ ይበሉ፤ ምን እንዳገኘና ምን እንዳደረገ ይጠይቁት። ያጠፋውን እንዲክስዎ መጠየቅም መብትዎ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን አንዱ ጠጋኝ ላቡን እየጠረገ «ጌታዬ፣ አቃጠልሁት» ቢልዎ፣ ካሣዎን ይቀበሉ እንጂ ሰውየውን አያባሩት። ያን ቃል ከአፉ ለማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ አውቀዋለሁ፤ አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቶብኛልና።

ለሚመጣው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።